ሮማን አይቼ ተመለስሁ፤ ልጄን ግን አስቀየምሁት

ይድረስ ለምክር ዓምዱ፤

እኔ በዓለም ገና የምኖር፣ 31 ዓመት ታሪክ አስተምሬ በጡረታ የተገለልሁ የ66 ዓመት ሰው ነኝ። የ29 ዓመት የበኩር ልጄ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ወደ ኢጣሊያ ሄዶ በሰሜኑ በኩል በምትገኝ አንዲት ከተማ በፋብሪካ ይሠራል። ባለፈው ክረምት የጥሪ ወረቀትና የአውሮፕላን ትኬት ልኮልኝ፣ ቪዛውም ተሳክቶልኝ፣ ሦስት ሳምንት አብሬው ቆየሁ። ፋብሪካው የሚዘጋው በነሐሴ ብቻ ስለሆነ በዚያው ዕረፍቱ ለአራት ቀን ሮማን ሊያሳየኝ ወሰደኝ። የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ሲመለስ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሮማን ካርታ ሥዬ፣ ሐውልቱ የቆመበትን አደባባይ በጠመኔ እያሳየሁ ያስተማርሁ ሰው ነኝና ደስታዬን መገመት አያዳግትዎትም።

ከተማዋ ግን አሳዘነችኝ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጾመ ፍልሰታ ስለነበር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልቀምስ እየዋልሁ፣ ከዚያ በኋላም አራቱን ቀን ፓስታ በስጎ ብቻ በላሁ። አንዲት ጠርሙስ ውኃ በእኛ ወደ 500 ብር ገደማ ገዛን። ትሬቪ የሚሉት ምንጭ ዘንድ ለመድረስ ተሰልፈን ስንገባ፣ ያየሁት ከውኃው ይልቅ ስልክ የያዘ የሰው ክንድ ነው። እግሬ ዝሎ በታወቁት የስፔን ደረጃዎች ላይ አረፍ ብል አንዲት ፖሊስ ፊሽካ ነፍታ በሰው ሁሉ ፊት አስነሣችኝ። ልጄም ቀኑን ሙሉ ዓይኑ ከስልኩ አይነቀልም፤ በካርታ መንገድ እየፈለገ ይቀድመኛል፣ እኔ እከተለዋለሁ። ዘጠኝ ዓመት ያላየሁትን ልጅ ጀርባውን ሳይ ዋልሁ።

በመጨረሻው ቀን ሐውልቱ ቆሞበት ወደነበረው ቦታ ውሰደኝ አልሁት። ስንደርስ መኪና የሚጋፋበት መንገድ ነው፤ ምንም የለም። «አባዬ፣ እዚህ ምን ነበር?» አለኝ። ደክሞኝም ተበሳጭቼም ነበርና አልመለስሁለትም። ማታ ምግብ ቤት ሒሳቡ ሲመጣ በልቤ ወደ ብር መነዘርሁትና፣ «ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ገንዘብ ያፈሰስኸው? የእናትህ ጣሪያ እያፈሰሰ!» አልሁት። ዝም አለ። እሑድ ከሥራ ሲያርፍ ሳይደውል የማያልፈው ልጅ ከዚያ ወዲህ በወር አንድ ጊዜ ለእናቱ ብቻ ይደውልና «አባዬን ሰላም በዪልኝ» ብሎ ይዘጋል። ጣሪያውን ቀይሩ ብሎ ደግሞ ገንዘብ ጨምሮ ልኳል፤ ይበልጥ የሚያመኝ እሱ ነው።

መንደር ስመለስ የእድሩ ሰዎች ሮማ እንዴት ናት ቢሉኝ ልጄን ላለማሳጣት «ገነት ናት» አልኋቸው። አሁን አንዲት ጎረቤቴ፣ ልጇ ለሚመጣው ነሐሴ እዚያው ልትጋብዛት ስላሰበች፣ በእኔ ቃል ተማምና የእቁብ ዕጣዋን ለጉዞው ልታወጣ ነው። ለልጄ ሮማን ወድጃት ነበር ብዬ ልዋሽ? ለጎረቤቴስ ምን ልበላት?

ከዓለም ገና

የተከበሩ መምህር፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብሁት፤ መጀመሪያ ስለ ሮማ የተጻፈ መስሎኝ ነበር፣ ሁለተኛ ሳነበው ግን ከተማዋ በደብዳቤው ውስጥ ከልጅዎ ያነሰ ቦታ እንደያዘች አየሁ። ቢሆንም በከተማዋ ልጀምር፤ በመከፋትዎ ያፈሩ ስለመሰለኝ፣ ማፈር እንደማይገባዎት አስቀድሜ ልንገርዎት እወዳለሁ።

ሮማ በነሐሴ ለገዛ ነዋሪዋ እንኳ አትመችም። እነርሱ ፈራጎስቶ የሚሉት፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 9 ቀን የሚውለው በዓል ሲቃረብ ከተሜው ሱቁን ዘግቶ ወደ ባሕር ዳርቻና ወደ ተራራ ይወጣል፤ በከተማዋ የሚቀረው በአመዛኙ እንግዳና እንግዳውን የሚያስተናግድ ሰው ነው። ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስና ሲያልፍ የተለመደ ነው፤ እርስዎ ደግሞ የተነሡት ጋቢ ተደርቦ ከሚዋልበት፣ ጭቃው ከጫማ ከማይለቅበት ከዓለም ገና ክረምት ነው። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. 2025 ለካቶሊካውያን በየ25 ዓመቱ የሚመጣው የኢዮቤልዩ ዓመት ስለነበር ምዕመናን ከዓለም ዙሪያ በሚሊዮን እየተቆጠሩ ይጎርፉባት ነበር። ወደ ትሬቪ ምንጭ ለመጠጋት የተሰለፉትም መጨናነቁ ስለበዛ በአንድ ጊዜ ከ400 ሰው በላይ እንዳይገባ ደንብ ስለወጣ ነው። በስፔን ደረጃዎች ላይ መቀመጥ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ እስከ 400 ዩሮ የሚያስቀጣ ጥፋት ሆኗል፤ ያቺ ፖሊስ በዚያው ዕለት ምናልባት መቶ ሰው በፊሽካ አስነሥታ ይሆናል። ይህን ማወቅዎ ግን ዕድሜ ልኩን «ተቀመጡ፣ ተነሡ» ሲል የኖረ መምህር በልጁ ፊት ተነሥ ሲባል የሚሰማውን አያስቀረውም። ጠዋት ወጥተው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ በዚያ ፀሐይ የተጓዙ የ66 ዓመት ሰው፣ ማታ ጠረጴዛ ላይ ሒሳብ ሲቀርብላቸው ቃላቸውን መዝነው ቢናገሩ ነበር የሚደንቀኝ። (ፓስታ በስጎን በተመለከተ፣ እንኳንስ ስጎ የሚለውን ቃል አሠራሩንም ከእነርሱ ወስደን በበርበሬ ያሻሻልነው ስለሆነ በቅሬታዎ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።)

አሁን ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሮማ ከመድረሳችሁ በፊት፣ ባቡር ውስጥ ወይም ቤት ሳላችሁ፣ ምን ማየት እንደሚፈልጉ ለልጅዎ ነግረውት ነበር? ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት የሐውልቱን ቦታ ያነሡለት በመጨረሻው ቀን ነው። እንግዳ ነኝ፣ ከፋዩ እሱ ነው፣ ያሳየኝን ልይ ብለው በይሉኝታ ዝም ያሉ ይመስለኛል። እሱም ሰው ሁሉ የሚያየውን፣ ፎቶው በየስልኩ የሚዞረውን ሮማ ቢያሳይዎት አባቴን አስደሰትሁ ብሎ አሰበ። እርስዎ ግን የያዙት የሌላ ሮማ ካርታ ነበር። ከሰሜን በባቡር የመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደው ቴርሚኒ ጣቢያ ነው፤ ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» የሚባለው በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት የኢጣሊያ ወታደሮች መታሰቢያ እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ ያስተማሩት እርስዎ ነዎት። ዛሬ ለገሃር ፊት ለፊት የሚያዩት የይሁዳ አንበሳ በወረራው ዘመን ተዘርፎ የተቀመጠው፣ ዘርዓይ ደረስም በ1930 ዓ.ም. በቁጣ የተነሣው ከዚያው ጣቢያ አጠገብ ባለው የዶጋሊ መታሰቢያ ሥር ነው። በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ፣ ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የኢትዮጵያ መነኮሳት ያረፉባት የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ አባ ተስፋ ጽዮን የግእዙን አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 በሮማ ሲያሳትሙ መኖሪያቸው በዚያ ነበር። ይህን ሁሉ በልብዎ ይዘው በትሬቪ ሰልፍ ላይ የቆሙ ሰው ቢከፉ አይፈረድባቸውም፤ ልጅዎም ያልተነገረውን ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ቆም ብዬ ያሰብሁበት ሌላው ነገር ስልኩ ነው። እርስዎ የጻፉት እንደ ቅሬታ ነው፤ ዓይኑ ከስልኩ አልተነቀለም፣ በካርታ መንገድ እየፈለገ ቀደመኝ ብለዋል። ነገር ግን መምህር፣ ካርታ የሚያይ አገሩን የማያውቅ ሰው አይደለም ወይ? በሰሜን በፋብሪካ እየሠራ፣ በየወሩ ወደ ቤት ገንዘብ እየላከ ዘጠኝ ዓመት የኖረ ልጅ፣ ሮማን ከዚያ በፊት ለማየት ጊዜውም ገንዘቡም ላይኖረው እንደሚችል አስበውት ያውቃሉ? በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ እርስዎ ግን ሊጠይቁት ይችላሉ። እንደገመትሁት ከሆነ በእነዚያ አራት ቀናት በሮማ ጎዳና ሁለት እንግዶች ነበሩ፤ አንደኛው እንግድነቱ እንዳይታወቅበት፣ አባቱን መንገድ እንዳያሳስት እየተጨነቀ ይቀድማል፣ ሁለተኛው ምን እንደፈለገ ሳይናገር ይከተላል። እርስዎ ጀርባውን ሲያዩ እሱ ያየው ምን ነበር? ምናልባት እየጠቆረ የሚሄደውን የአባቱን ፊት ዞር እያለ እያየ፣ በሚቀጥለው ቦታ ይደሰታል እያለ ተስፋ ሲያደርግ ነበር።

በሒሳቡ ጠረጴዛ ላይ የወጣውን ቃል በዚህ ዓይን ይዩት። እርስዎ ስለ ገንዘብ ብክነት የተናገሩ ይመስልዎታል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው አሠራር ከተለወጠ ወዲህ ዩሮን ወደ ብር መንዝሮ የማይደነግጥ ጡረተኛ ያለ አይመስለኝም። እሱ የሰማው ግን «እናትህን ረስተሃል» የሚለውን ነው። ለዚህም ነው አፉን ዘግቶ እጁን የዘረጋው። ጣሪያውን ቀይሩ ብሎ የላከው ገንዘብ፣ በቃል ሊመልስልዎ ያልደፈረው መልስ ነው። ስለዚህ «ሮማን ወድጃት ነበር» ማለቱ አይጠቅምዎትም። ልጅዎ ፊትዎን አይቷል፣ ውሸቱን ያውቃል፤ ውሸቱም የተጎዳውን አይነካውም። ይቅርታ የሚያስፈልገው በሮማ ላይ ያለዎት አስተያየት ሳይሆን ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ሁለቱን ለይተው ቢይዙ ነገሩ ይቀልልዎታል፤ ከተማዋን አለመውደድዎን ሳይደብቁ ልጅዎን ይቅር በለኝ ማለት ይችላሉ።

እንዴት ቢሉኝ፣ በስልክ ባይጀምሩ እመርጣለሁ። ስልክ ላይ እርስዎ ይቸኩላሉ፣ እሱ «ምንም አይደለም አባዬ» ብሎ ይዘጋዋል፣ ነገሩም ሳይነካ ይቀራል። ባለቤትዎንም አይላኩ፣ ሽማግሌም አያስፈልገውም። ወረቀት ያውጡ። በዚያ ጽሕፈትዎ፣ ስንቱ ተማሪ በደብተሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ያየው ጽሕፈት ነው፣ ሁለት ገጽ ይጻፉለትና ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም የሚልክልዎ ልጅ ከሰፈሩ አይጠፋም። ይቅርታው አጭር ይሁን፤ «ያን ማታ ስለ ጣሪያው የተናገርሁት ቃል ተገቢ አልነበረም፤ አንተ እናትህን ረስተህ አታውቅም፤ ደክሞኝ ነበር፣ ድካሜን በአንተ ላይ ተወጣሁት» ቢሉት ይበቃል። «ነገር ግን» የሚለውን ቃል ከዚያ ዓረፍተ ነገር ኋላ አያስከትሉ፤ ስለ ሙቀቱና ስለ ውኃው ዋጋ ሌላ ቀን ትሥቁበታላችሁ።

ከይቅርታው በኋላ ያለውን ገጽ ግን በሌላ ነገር ይሙሉት። ልጅዎ ሐውልቱ ቆሞበት በነበረው በፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቆዎት ነበር፤ «እዚህ ምን ነበር?» ብሎ። ከአራቱ ቀናት ሁሉ እሱ ወደ እርስዎ ሮማ የገባባት ደቂቃ ያቺ ብቻ ነበረች፣ ጥያቄውም እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። አሁን ይመልሱለት። ከወደቀበት ከአክሱም በ1929 ዓ.ም. በስብርባሪው ተጭኖ የሄደው፣ 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሐውልት፣ ፋሺስቶች ወደ ሮማ የገቡበት 15ኛ ዓመት ሲከበር በጥቅምት 1930 ዓ.ም. በዚያ እንደቆመ ይጻፉለት። አጠገቡ ያያችሁት ትልቅ ነጭ ሕንፃ፣ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት የሚሠራበት፣ መጀመሪያ የታነጸው ለቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር ታስቦ እንደነበር ይንገሩት። ኢጣሊያ በ1939 ዓ.ም. የሰላም ውል ስትፈርም በ18 ወር ውስጥ ልትመልሰው ቃል ገብታ፣ ከ58 ዓመት በላይ ቆይቶ ሚያዝያ 11 ቀን 1997 ዓ.ም. የመጀመሪያው ክፋይ በግዙፍ አንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም እንዳረፈ፣ ሁለቱ ክፋዮች በተከታዮቹ ቀናት እንደደረሱ፣ ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም.ም ዳግም መቆሙ እንደተበሠረ ይጻፉለት። ሐውልቱ በ1997 ሲመለስ እሱ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር፤ እርስዎ ጠመኔ ይዘው ለሌሎች ልጆች ሲያስረዱ እሱ የት ነበር? ምን ይታወሰዋል? ይህንንም ይጠይቁት።

ስለዚያ አደባባይ ደግሞ እኔም የራሴን ልበል። «ምንም የለም» ብለው ጽፈዋል፣ በቅሬታም ነው የጻፉት። ሐውልቱ በዚያ የሌለው ግን ቤቱ ስለገባ አይደለም ወይ? በጠመኔ ያሳዩት ነጥብ ከካርታው ላይ እንዲጠፋ ለተማሪዎችዎ ሲመኙ የነበሩት እርስዎ ራስዎ ነበሩ። ሙቀቱ፣ ረሃቡና የመኪናው ጩኸት ይህን እንዲያዩ ጊዜ አልሰጡዎትም እንጂ፣ በዚያ ከተማ ውስጥ ለአንድ ኢትዮጵያዊ የታሪክ መምህር ሐውልቱ ከሌለበት ከዚያ ቦታ የተሻለ የሚታይ ነገር ያለ አይመስለኝም። በነገራችን ላይ ሐውልቱን ራሱን አክሱም ሄደው አይተውታል? ካላዩት፣ ልጅዎ አንድ ቀን ለዕረፍት ሲመጣ ሁኔታው ከፈቀደ አብራችሁ ብትሄዱ፣ በዚያኛው ጉዞ መንገድ መሪው እርስዎ ይሆናሉ።

ልጅዎ ወዲያው ላይመልስልዎ ይችላል። ለወራት የተቋጠረ ዝምታ በአንድ ደብዳቤ አይፈታም፤ «አይተኸዋል ወይ?» እያሉ አያስጨንቁት። በመሐሉ ጣሪያውን ያስቀይሩ፤ ገንዘቡ ከቤት ተቀምጦ ሳለ ጣሪያው ካፈሰሰ ልጁ ቅያሜዎ አሁንም እንዳለ ይቆጥረዋል። አዲሱ ቆርቆሮ ሲመታ እናቱ ከሥሩ ቆማ ፎቶ ተነሥታ ይላክለት። በሚቀጥለው ንግግራችሁ ደግሞ ስለ ሮማ ሳይሆን፣ ኢጣሊያ የገባ ሰሞን የመጀመሪያው ሳምንት እንዴት እንደነበር ይጠይቁት። ምናልባት እሱም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ገነት ናት» ሲላችሁ ኖሮ ይሆናል።

ወደ ጎረቤትዎ ስመለስ፣ የእርሷ ነገር ቀላል ነው፤ ጊዜም አላችሁ። ቡና ሲፈላ ለብቻዋ አግኝተዋት፣ «ገነት ናት ያልሁት ልጄን ላለማሳጣት ነው፤ እኔ የሄድሁበት ወቅት ከብዶኝ ነበር» ቢሏት ክብርዎ አይነካም፣ ልጅዎም አይታማም። አትሂጂ አይበሏት፤ እቁቡ የእርሷ ነው፣ ልጇን የማየት ናፍቆቱም የእርሷ ነው። የሚያውቁትን ብቻ ያካፍሏት። ልጇ ፈቃድ ማግኘት ከቻለች ከነሐሴ ይልቅ ጥቅምት ይሻላል፤ ፀሐዩም በርዷል፣ ፍልሰታም አልፏል። ነሐሴ የግድ ከሆነ ማልደው ይውጡ፣ ቀትር ላይ ቤት ገብተው ይረፉ፣ ለኮሎሲየም ቀድመው ሰዓት ያስይዙ። ውኃ ግን አትግዙ ይበሏት። በሮማ ጎዳናዎች ላይ ናዞኒ የሚባሉ፣ አፍንጫ የመሰለ ቧንቧ ያላቸው ወደ 2,500 የሚጠጉ የሕዝብ ቦኖዎች አሉ፤ ውኃቸው ንጹሕና ቀዝቃዛ ነው፣ ያለ ሳንቲም ቀንና ሌሊት ይፈስሳል። እርስዎና ልጅዎ ያን 500 ብር ከፍላችሁ ስትጠጡ በአንዱ አጠገብ አልፋችሁ ሳይሆን አይቀርም፣ ይኸም ሁለታችሁ እኩል እንግዶች እንደነበራችሁ ሌላ ምስክር ነው። ከሁሉ በላይ ግን ምን ማየት እንደምትፈልግ ከመነሣቷ በፊት ለልጇ እንድትነግራት ይምከሯት።

የእድሩን ሰዎች በተመለከተ፣ ተነሥቶ ማስተባበያ መስጠት አያስፈልግም። በሚቀጥለው ጊዜ ድንኳን ሥር ተቀምጣችሁ አንዱ ስለ ሮማ ሲያነሣ፣ ስለ ፖርታ ካፔና ያጫውቷቸው፤ ስለ ፊሽካውም ቢጨምሩ የሚሥቅ እንጂ የሚንቅ አይኖርም።

ደብዳቤውን በዚህ ሳምንት ይላኩት፣ በሚመጣው እሑድም እሱ እስኪደውል ሳይጠብቁ ይደውሉለት። በእነርሱ የብርድ ወራት ሰዓታቸው ከእኛ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከቅዳሴ እንደተመለሱ ቢደውሉ ሳምንቱን ሙሉ በፋብሪካ የቆመ ሰው ከእንቅልፉ ይቀሰቅሱታል። ምሳ በልታችሁ፣ የመጀመሪያው ቡና ሲቀዳ ያድርጉት፤ እናቱም ከአጠገብዎ ትቀመጥ፣ ስልኩን ግን መጀመሪያ እርስዎ ይያዙት።